ጌም ሠርቶ መብላት

«ጌም ሠርቶ መኖር ይቻላል ወይ?» እያሉ በቴሌግራም የሚጽፉልኝ ልጆች በዝተዋል። አብዛኞቹ ገና ተማሪዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ ሥራ ይዘው ማታ ማታ ላፕቶፕ ላይ የሚያመሹ። አንዱ በቅርቡ «መልቀቂያ ጽፌ ጨርሻለሁ፣ ላስገባው?» ብሎ ጠየቀኝ። በሰው እንጀራ ላይ መፍረድ ይከብደኛል። የኔን ገበና ልዘርዝረውና ራሱ ይፍረድ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ይቻላል። እየኖርኩ ነው። ቤት ኪራይ እከፍላለሁ፣ ዕቁብ እጥላለሁ፣ ለእናቴ መድኃኒት እገዛለሁ። ግን «ጌም ሠርቼ እኖራለሁ» ስል እናንተ የምታስቡትና እኔ የምኖረው ይለያያል። እናንተ የምታስቡት አንድ ትልቅ ጌም ሠርቶ፣ ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ የኢንተርኔት ሱቅ ላይ ለቅቆ፣ ተኝቶ ዶላር መቁጠር ነው። የኔ ኑሮ ከሦስት ቦታ ተለቃቅሞ ነው የሚሞላው። ከሦስቱ ትንሹ ደግሞ ስቲም ነው።

ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ስቲም ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

እዚያ ያለኝ ጌም የሚኒባስ ረዳት ሆናችሁ የምትጫወቱት ነው። ትጠራላችሁ፣ ትጭናላችሁ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ትላላችሁ፣ ሒሳብ ትሰበስባላችሁ። ከባዱ ነገር መልስ መስጠት ነው። ተሳፋሪው ሁለት መቶ ብር ይዘረጋል፣ እናንተ ድፍን አሥር ብር የላችሁም፣ ከኋላ ሌላው «ወራጅ አለ!» ይላል። አንድ የውጭ ተጫዋች በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ ሰው ሲቀመጥ አይቶ የጌሙ ስህተት መስሎት ሪፖርት አድርጓል። መልስ ስጽፍለት ትንሽ አፈርኩ፣ ትንሽ ሳቅሁ።

አሁን ሒሳቡ። አንድ ጌም ስቲም ላይ ለማስገባት 100 ዶላር ይከፈላል። ጌሙ 1,000 ዶላር ከሸጠ ተመላሽ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ስቲም 30 በመቶ ያነሳል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የሚያመልጠው ቀጥሎ ያለው ነው። ኢትዮጵያና አሜሪካ ተደራራቢ ግብር የሚያስቀር ስምምነት የላቸውም። ስለዚህ አሜሪካ ካለ ገዢ ከሚመጣው የናንተ ድርሻ ላይ ሌላ 30 በመቶ ለአሜሪካ መንግሥት ይቆረጣል። ከመጀመሪያው 30 ጋር አታምታቱት፤ ይሄ ተጨማሪ ነው።

እንቁጠር። 1,000 ሰው በ5 ዶላር ገዛ እንበል፤ 5,000 ዶላር። ስቲም ድርሻውን ሲያነሳ 3,500 ይቀራል። ከገዢዎቹ ግማሹ አሜሪካ ናቸው እንበል። ከነሱ ከመጣው 1,750 ላይ 525 ዶላር ይሄዳል። እጃችሁ የሚገባው 2,975 ነው። ይህም ማንም ጌሙን ሳይመልስ፣ ማንም በቅናሽ ሳይገዛ፣ የአውሮፓው ተጨማሪ እሴት ታክስም ሳይነሳ ነው። ስቲም ላይ አንድ ሰው በገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ የተጫወተው ከሁለት ሰዓት በታች ከሆነ፣ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ጌማችሁ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልቅ ከሆነ ጨርሶት፣ ወዶት፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። አጭር ጌም የምትሠሩ ልጆች ይህን ሳታውቁ ዋጋ አታውጡ።

1,000 ሰው ደግሞ ቀላል አይምሰላችሁ። በፈረንጆቹ 2024 ብቻ ስቲም ላይ ከ18 ሺህ በላይ ጌሞች ወጥተዋል። በቀን ወደ ሃምሳ ማለት ነው። የናንተ ጌም በወጣ ማግስት ሌላ ሃምሳ ይወጣል።

ወደ ብር ስንመነዝረው ነገሩ ትንሽ ይቀየራል። በኛ ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ያ 2,975 ዶላር ያኔ 170 ሺህ ብር ገደማ ነው። በ120 ብናሰላው 357 ሺህ ይሆናል። ያው ጌም፣ ያው ገዢ። ሰፈሩ ሁሉ ስለ ዘይት ዋጋ ሲያማርር እኔ በሆዴ ፈገግ ብዬ ነበር። ፈገግታው የላፕቶፔ ስክሪን እስኪሰበር ነው የቆየው። ስክሪን፣ ራም፣ ባትሪ፣ ሁሉም ከውጭ ነው የሚገባው። በዶላር የሚያገኝ ሰው በዶላር ዋጋ ይገዛል።

ገንዘቡ አገር ሲገባ ደግሞ ባንክ አለ። የትኛው ባንክ እንደሆነ ተዉት፤ ሌላም ጋ ብሄድ ያው ነው። ከውጭ የመጣ ገንዘብ ምንጩ መጠየቁ ተገቢ ነው፣ አልከራከርም። የመጀመሪያው ክፍያ ሲመጣ ግን ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ልጅ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ፣

«የምን ገንዘብ ነው እህቴ?» አለችኝ።

«የጌም።»

«የቤቲንግ?»

«አይ፣ ጌም። ልጆች የሚጫወቱት።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ልጆች ቤቲንግ ይጫወታሉ?»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ሳቁን አፍኖ ወደ ጣሪያ አየ። ሥራ አስኪያጁ ተጠራ፣ ላፕቶፔን አውጥቼ የሚኒባሱን ጌም አሳየሁት፣ እሱም አንድ ዙር ተጫወተ፣ መልስ ሳይሰጥ ቀርቶ ተሳፋሪ ተቆጣው። ከዚያ ቀን ወዲህ ባንክ ስሄድ የመሸጫውን ውል፣ የወሩን የሽያጭ ሪፖርትና «የሶፍትዌር ልማት» የሚል ንግድ ፈቃዴን በፕላስቲክ ፎልደር ይዤ ነው። ፈቃድና ቲን አውጡ። አንዴ ከወጣ ብዙ በር ይከፍታል። ግብሩ አይቀርም፤ ግን ሳይከፍሉ ከመሸማቀቅ ይሻላል።

እንግዲህ ከስቲም ብቻ አይኖርም ስል ይህን ሁሉ ማለቴ ነው። ጉልት ላይ የተቀመጠች ሴት ቲማቲም ብቻ ይዛ አትውልም። ሽንኩርቱም ቃሪያውም ይኖራታል፣ አንዱ ሳይሸጥ ቢውል በሌላው ታዘግማለች። እኔም እንደዚያው።

ዋናው እንጀራዬ የትዕዛዝ ሥራ ነው። ትምህርት ቤቶች፣ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች፣ አንዳንዴ ማስታወቂያ ድርጅቶች። የእጅ መታጠብ ጌም ሠርቻለሁ። የመንገድ አቋራጭ ጌም ሠርቻለሁ። ዶሮ እያሳደጉ ቁጠባ የሚማሩበት ጌም ሠርቻለሁ፣ ዶሮዋ እስካሁን በሕልሜ ትመጣለች። ጌም ዲቨሎፐር ጓደኞቼ ይህን ሥራ ይንቁታል። «ያንቺ ሐሳብ አይደለም» ይሉኛል። ልክ ናቸው። የቤት ኪራዩ ግን የኔ ነው።

የትዕዛዝ ሥራ ላይ የሚያከስረው ውል ነው። እኔ ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ ሳልቀበል ላፕቶፕ አልከፍትም። ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንደምሠራ እጽፋለሁ፤ ካልጻፋችሁ የድርጅቱ ጥበቃ ሳይቀር የዶሮዋን ቀለም ያስቀይራችኋል። አንድ መሥሪያ ቤት የመጨረሻውን ክፍያ ፈራሚው ተዛውሯል ብሎ ወደ ሌላ በጀት ዓመት አሻገረብኝ። ሥራው አልቆ፣ ሕፃናት እየተጫወቱበት፣ እኔ በየሳምንቱ ኮሪደር ላይ። ከዚያ በኋላ የመጨረሻው ክፍያ ጌሙን ሳስረክብ እንጂ ከተረከቡ በኋላ እንዳይሆን አደርጋለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን የኮዱ፣ ማለትም ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው የፕሮግራም ጽሑፍ፣ ጉዳይ ነው። ውሌ ውስጥ ያለችውን አንቀጽ ልስጣችሁ፦ «የጌሙ ስም፣ ሥዕልና ድምፅ የአሠሪው ነው። ኮዱ የሠሪዋ ሆኖ ይቀራል፤ አሠሪው ለዚህ ጌም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጠቀምበታል።» አብዛኛው አሠሪ ኮድ ምን እንደሚያደርግለት ስለማያውቅ ያለ ክርክር ይፈርማል። የሚከራከር ካለ ዋጋ እጨምራለሁ። በዚች አንቀጽ ምክንያት ለእጅ መታጠቡ ጌም የጻፍኩት ነገር ዛሬ ሌሎች ጌሞቼ ውስጥ አለ።

አንዴ የሠሩትን ደጋግሞ መጠቀምን ከራሴ አላመነጨሁትም። ሲያትል ውስጥ ጄፍ ቮገል የሚባል ሰውዬ አለ። ስፓይደርዌብ ሶፍትዌር የሚባለውን ትንሽ ድርጅቱን ከፈረንጆቹ 1994 ጀምሮ ይዞ ኖሯል። የሚሠራቸው ጌሞች መልካቸው አያምርም፣ ብዙ ሰውም አያውቃቸውም። ረጅም ታሪክ ማንበብ የሚወዱ ጥቂት ታማኝ ደንበኞች ግን አሉት። በ1995 ኤግዛይል የሚል ጌም አወጣ። በ2000 ያንኑ አድሶ አቨርነም ብሎ ሸጠው። በ2011 እንደገና አድሶ ሸጠው። አንድ ታሪክ፣ ሦስት ጊዜ! አሮጌ ሥዕሉን ደጋግሞ ይጠቀማል፣ ሰው ይተቸዋል፣ እሱ ቤተሰቡን ያስተዳድራል። የሱ ንግግር የዛሬ ስንት ዓመት ሰምቼ «እንዲህም ይኖራል ለካ» ያልኩት ትዝ ይለኛል።

ልጆቹ የሚጠቅሱልኝ ግን እሱን አይደለም። ሁሌ ስታርዲው ቫሊ የሚባለውን የእርሻ ጌም ነው። ኤሪክ ባሮን ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ ሠርቶ በፈረንጆቹ 2016 አወጣው፣ ሚሊየነር ሆነ። እውነት ነው። ግን በነዚያ ዓመታት ማን ነበር የሚያበላው? ማታ ቲያትር ቤት ውስጥ ሰው እያስቀመጠ ይሠራ ነበር፣ ፍቅረኛውም ትደግፈው ነበር። ያንን ክፍል ማንም አይጠቅስም። አራት ዓመት የሚሸከማችሁ ሰው ካለ፣ እሰየው። እኔ የምሸከማት እናት ነው ያለችኝ።

ሦስተኛው ገቢዬ የፊደል ጌም ነው፣ ለዲያስፖራ ልጆች። ስለሱ ማውራት ደስ ይለኛል።

33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ድምፅ ነው። ሁሉንም ያነበብኩት እኔ ነኝ። ስቱዲዮ ኪራይ ውድ ስለሆነ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ፣ ብርድ ልብስ ለብሼ ነው የቀዳሁት። «ጰ» ማይክሮፎኑን ታፈነዳለች። «ጠ»ም አትታማም። መፍትሔው ማይኩን ወደ ጎን አዙሮ ከአፍ ራቅ ማድረግ ነው፤ እሱን እስካገኘው ድረስ ግን ጎረቤቶቼ ቁም ሳጥን ውስጥ የታሰረ ሰው ያለ ሳይመስላቸው አልቀረም። ቀን ላይ ደግሞ የሰፈሩ ድምፅ አለ። «ሸ» ላይ ከሩቅ «ቆራሌው!» የሚል ይሰማል። ሳላጠፋው ወጣ። አንዲት ሜሪላንድ ያለች እናት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፣ ስለሱ ልትወቅሰኝ ነው ብዬ ከፈትኩት። «እባክሽ እህቴ እሱን እንዳታጠፊው» ትላለች። እስካሁን አለ።

ፊደል በጌም ላይ ማሳየትም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙዎቹ ኤንጂኖች (ጌም የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች) ይዘውት የሚመጡት ፎንት ውስጥ የኛ ፊደል የለም። «ሀ» ብላችሁ ስትጽፉ ባዶ ሳጥን ይመጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው ነጻ ፎንት አለ፣ እሱን ጫኑ። ለሕፃን ግን እሱ ብቻ አይበቃም። ሕፃኑ በጣቱ እየተከተለ የሚጽፈው ከሆነ የእያንዳንዱን ፊደል መነሻና መድረሻ በእጅ መሣል አለባችሁ። የውጭ ኩባንያ እዚህ ድረስ አይለፋም። ገበያው ትንሽ ነዋ። ለኔ ግን በቂዬ ነው።

ወላጆቹ የሚገዙት በአይፓድ ነው። የአፕል አካውንቱ አሜሪካ ባለችው የአክስቴ ልጅ ስም ነው፤ በዓመት 99 ዶላር ይከፈልበታል፣ ከሽያጩ ደግሞ አፕል ከትናንሽ ሠሪዎች 15 በመቶ ይወስዳል። የአሜሪካውን ግብር እሷ ታሳውቃለች፣ ደንበኞችን በስልክ ታነጋግራለች፣ ከተጣራው ድርሻዋን ትወስዳለች። ስንጀምር ውል እንፈራረም ብዬ ነበር። አክስቴ ተቀየመች። «እህትማማች ይፈራረማል እንዴ? እንዲህ ነው ያሳደግናችሁ?» አለችኝ። ተፈራረምን። አክስቴም በኋላ ለቀቀችኝ። ዘመድ ከገንዘብ ጋር ሲገናኝ ወረቀት ያስፈልጋል፣ በተለይ ዘመዱን ከወደዳችሁት።

ሽያጩ ወቅት አለው። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ይነሳል፣ ገና ላይ ይነሳል። ሰመር ላይ የፈረንጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤተ ክርስቲያናት ለልጆች የአማርኛ ትምህርት ይከፍታሉ፣ ያኔ አስተማሪዎቹ ራሳቸው ያሻሽጡልኛል። ለሁለት ቤተ ክርስቲያን በነጻ ሰጥቻለሁ። ከከፈልኩበት ማስታወቂያ ሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ እሱ ነው።

«እዚሁ አገር ላለ ተጫዋች ለምን አትሠሪም?» የሚሉኝ አሉ። እሠራለሁ፣ ግን ኑሮ አልጣልበትም። የወንድሜ ልጅ ስልኩ ላይ ቦታ ሲሞላ መጀመሪያ የሚያጠፋው የኔን ጌም ነው፤ ቲክቶክን አይነካም። የአክስቱን ጌም ካጠፋ የሌላው ልጅ ምን ሊያደርግ ነው? ጌሙን ከጎግል ፕሌይ የሚያወርደው ጥቂት ነው፤ ሌላው በቴሌግራም የጌሙን ፋይል ይቀባበላል፣ ዳታ ለመቆጠብ። አልፈርድበትም። ማስታወቂያ ብታስገቡ አስተዋዋቂው የሚከፍለው ተመልካቹ እንዳለበት አገር ነው፣ ለአዲስ አበባ ተመልካች የሚከፈለው ደግሞ ሽርፍራፊ ሳንቲም ነው። ያም ሆኖ ቅኔ ጌምስን የመሰሉ ልጆች ከኛ ቀድመው ገብተውበታል። ከገበሬው የምታመልጠዋን ዶሮ፣ ኩኩሉን፣ ያልተጫወተ ካለ ይሞክራት። የሰፈራችንን ነገር ስልክ ላይ ማየት ምን እንደሚመስል መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው።

ስለ ኤንጂን ብዙ አልልም። እሠራበት የነበረው ዩኒቲ በፈረንጆቹ መስከረም 2023 ጌም በተጫነ ቁጥር አስከፍላለሁ ብሎ አወጀ፣ ዓለም ጮኸበት፣ ከዓመት በኋላ ጨርሶ ሰረዘው። መጠኑ እኔን የሚነካ አልነበረም። ግን አንድ ሰው ሌሊት ተነስቶ የኑሮዬን ሒሳብ መቀየር እንደሚችል ገባኝ። ጎዶ ወደሚባለው ኤንጂን ዞርኩ። ነጻ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው። አሁን የምጀምረው ሁሉ እሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዕቁቡ። ከሰፈር ሰዎች ጋር የወር ዕቁብ አለኝ። የኔ ገቢ አንድ ወር ይጎርፋል፣ ሁለት ወር ይደርቃል። ዕቁብ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ የትዕዛዝ ቅድሚያ ክፍያ ሲገባ የሚቀጥሉትን ወራት ዕቁብ ቀድሜ ለብቻ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ ነው ሌላውን የማስበው። ዕጣው ሲደርሰኝ ችግር ተፈጠረ። ብሩን ለመውሰድ ዋስ ያስፈልጋል። ጌም የሚሠራ ጓደኛዬን ይዤ ሄድኩ። የዕቁቡ ዳኛ ጋሼ እሱንም እኔንም አዩና «ልጄ፣ ጨዋታ ሠሪ ለጨዋታ ሠሪ ዋስ አይሆንም፤ ደመወዝተኛ አምጪ» አሉኝ። የድሮ መሥሪያ ቤት ባልደረባዬ መጥታ ፈረመችልኝ። በብሩ ኢንቨርተርና ባትሪ ገዛሁ። መብራት ሲሄድ ሥራ አላቆምም።

መልቀቂያ ለጻፈው ልጅ የምለው ይህን ነው። ጌምህ ስንት ይሸጣል ብለህ አትጠይቅ፣ ማንም አያውቀውም። ማንንም ሳትጠይቅ ስንት ወር መብላት ትችላለህ? እኔ ደመወዜን የለቀቅሁት የመጀመሪያ ጌሜ ሲያልቅ አይደለም። ሁለተኛ የትዕዛዝ ደንበኛ ሳገኝና የስድስት ወር ቀለብ ባንክ ሲኖረኝ ነው። ዛሬም በየወሩ መጨረሻ የማየው ቁጥር እሱ ብቻ ነው፣ ስንት ወር አለኝ? ከሦስት በታች ሲወርድ የራሴን ጌም አስቀምጬ ደንበኛ ፍለጋ እወጣለሁ። ከስድስት ሲያልፍ ስልክ አላነሳም፣ የራሴን እሠራለሁ። ደብዳቤውን አታስገባ አላልኩም። መሳቢያ ውስጥ ይቆይ።

በነገራችን ላይ ሰኔ ስለሆነ ስልኬ አላርፍ ብሏል። የበጀት መዝጊያ ስለደረሰ የተረፋቸውን ብር ተመላሽ ከማድረግ ጌም ማሠራት የሚሻላቸው አሉ። «በሁለት ሳምንት ይደርሳል?» ይላሉ። አይደርስም። ቅድሚያ ክፍያውን እስከ ሰኔ 30 ካስገቡ ግን ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ቤት ሲያስቀምጠኝ እሠራላቸዋለሁ።